አፅመ ርስታችን አርሰናል

የአያቴን መሬት አባቴ ሳይወርሰው በ1967 መንግሥት ወረሰው። እኔ ግን ለልጄ የማወርሰው አላጣሁም፤ አርሰናል አለኝ። ሊዝ አይከፈልበት፣ ካርታ አይጠየቅበት፣ ለኮሪደር ልማት ይፈርሳል ተብሎ ቀይ ቀለም አይቀባበት። ቀዩን ራሳችን ቀብተነዋል።

ልጄ ክርስትና የተነሳው በአርባ ቀኑ ነው። ማልያው ግን በተወለደ በሦስተኛው ቀን፣ እናቱ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ደርሶለታል። አንዳንድ ዘመናዮች "አድጎ ራሱ ይምረጥ እንጂ" ይሉኛል። ይምረጥ፤ ማን ከለከለው? ትምህርቱን ይምረጥ፣ ሚስቱን ይምረጥ፣ ሲያሻውም አገር መርጦ ይሂድ። ቡድን ግን እንደ ሽንኩርት ከጉሊት ተመርጦ የሚገዛ ነው እንዴ? ደም እኮ ነው!

ደሙ ከየት ተቀዳ የሚል ነገረኛ አይጠፋምና ልንገራችሁ። አባቴ ጊዮርጊስ ነው። በ1928 አራዳ ላይ የተመሠረተ፣ ከቤታችን በእግር ተኪዶ የሚታይ ቡድን። መንግሥቱ ወርቁን በዓይኑ ነው ያየው፤ በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ እሱ ገና ልጅ ሆኖ ስታዲየም ነበር። እስከ ዛሬ ፈረሰኞቹ ከተሸነፉ እራት አይቀምስም። እኔንም በትከሻው ተሸክሞ ሜዳ ይወስደኝ ነበር አሉ።

እኔ ደግሞ በ1996፣ አርሰናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን በጨረሰበት ዓመት፣ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ቲዬሪ ሄንሪን አየሁ። አለቀ። ይህን መክዳት የሚሉት አሉ። መክዳት ማለት ልጄ እንዲህ ሲያደርግ ነው።

አስተዳደጉን ብታዩ ታመሰግኑኛላችሁ። ዘር ሲቆጥር፣ ሰባት ቤት ቀርቶ ከአያቱ ወዲያ መንገድ ይጠፋበታል። የ1996ቱን አሰላለፍ ግን ሌማን፣ ላውረን፣ ቱሬ፣ ካምቤል፣ ኮል እያለ ሳይተነፍስ ሄንሪ ላይ ያደርስላችኋል፤ ያኔ እሱ አልተወለደም። ትዕግሥትንም የተማረው ከዚሁ ነው። ሌላው ሰው ልጁን ጾም ያስለምዳል፤ ያ ጾም ግን ይፈታል። እኛ ከዚያ ወዲህ የሊጉን ዋንጫ ሳንቀምስ ሃያ ዓመት ደፍነናል፤ በመሃል ኤፍ ኤ ካፕ የሚባል ሽሮ አልፎ አልፎ ይቀርብልን ነበር። በነሐሴ 2003 ማንችስተር ላይ 8 ለ 2 የተቀጠቀጥንበትን ቀን ልጄ ባይደርስበትም፣ ሲያወራው ለቅሶ የደረሰ ሰው ይመስላል። ሦስት ዓመት ተከታትለን ሁለተኛ ስንወጣ ደግሞ አብሮኝ አንብቷል። እሱ ራሱ ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣ ጊዜ ግን ሳምንት አኮረፍኩት። በቤታችን ሁለተኛነት የተፈቀደው ለአርሰናል ብቻ ነው።

ይኸው ልጅ አምና ከትምህርት ቤት መጥቶ "አባዬ፣ እኔ ከእንግዲህ ማን ሲቲ ነኝ" አለኝ። እናቱ ውኃ አቀበለችኝ። በማግስቱ ሽማግሌ ሰበሰብኩ፤ አንድ የማንቼ፣ አንድ የቼልሲ፣ አንድ የሊቨርፑል ደጋፊ። ቅዳሜና እሁድ ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ቃላችን አንድ ሆነ። ልጁ መሃል ቆሞ ተመከረ፣ ተገሠጸ፣ የአባትህን ቤት አታፍርስ ተባለ። በመጨረሻ የአባቱን ቡድን ዕድሜ ልኩን ላይለቅ ወረቀት ላይ ፈረመ። ዋስ ጥራ ሲሉት አያቱን ጠራ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበው። "የአባቱን ቡድን" የምትለው ላይ ጣቱን አሳርፎ ትንሽ ቆየ፣ ቀና ብሎም አየኝ። ከዚያ ፈረመ። ሲፈርም ለምን እንደሳቀ እስካሁን አልገባኝም።