አሮጌ የጦር ጨዋታን በወጉ የማበላሸት ዘዴ

የምናብ ጦር ጨዋታ ከእርሳስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ ወታደሮች፣ ዘንዶዎችና ጠንቋዮች ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው በዳይስና በማስመሪያ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። ከአሮጌዎቹ የሕግ መጻሕፍት ስመ ጥሩው «ቼይንሜይል» ሲሆን፣ ጌሪ ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን ጽፈውት ጋይደን ጌምስ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1971 አወጣው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። መጽሐፉ ዋና ጉዳዩ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የፈረሰኛና የእግረኛ ውጊያ ነው። ከቶልኪንና ከሮበርት ሃዋርድ ልቦለዶች የመጡት ዘንዶዎች፣ ጠንቋዮችና ኤልፎች መጨረሻ ላይ በአባሪ መልክ ተለጥፈዋል። አባሪው ውሎ አድሮ ዋናውን ዋጠው፤ ጋይጋክስ ከዴቭ አርነሰን ጋር በ1974 ያወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ሥሩ እዚያ አባሪ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ በ1978 «ሪፐር»ን ጻፉ፤ በ1983 ብራያን አንሰል ታክሎበት ሦስቱ «ዋርሃመር»ን አወጡ።

እነዚህ መጻሕፍት ዛሬ ከየጓዳውና ከየሳጥኑ እየወጡ እንደ አዲስ ይነበባሉ። በትክክል የሚጫወቱበት መንገድ አጭር ነው፤ መጽሐፉን ማንበብ፣ ሁለት ሦስት ወዳጅ መጥራት፣ መጫወት። ስለዚህ ብዙ የሚጻፍለት ነገር የለም። ማበላሸቱ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቅደም ተከተልም አለው።

ሥራው የሚጀምረው በግዢ ነው። ቼይንሜይል በ1972 ተሻሽሎ ወጥቷል፤ በ1975 ደግሞ ቲኤስአር፣ ማለትም ጋይጋክስ ራሱ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ የሆነበት ኩባንያ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አሳትሞታል። ለመጫወት ከሆነ ይህ የኋለኛው እትም ይበቃል። በሙያው የሠለጠነ አበላሺ ግን የ1971ዱን ካላገኘሁ ብሎ ከጨረታ ጨረታ ይዞራል፤ የሚጫወትበትን ጠረጴዛ፣ ዳይሱንና የእርሳስ ወታደሩን ሁሉ ሊገዛ የሚችል ገንዘብ በአንዲት ቀጭን ጥራዝ ላይ ያፈሳል። ባገኛት ዕለት በወፍራም ፕላስቲክ ያሽጋታል፤ ከተገለጠች ጠርዟ ይታጠፋል፣ ዋጋዋም ይወርዳልና። ሕጉን የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ በፕላስቲኩ ውስጥ የሽፋኑን ሥዕል ያሳየዋል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህንን ነው።

መጽሐፉን ለመክፈት የደፈረ ደግሞ በንባብ ሊያበላሸው ይችላል። ቼይንሜይል ያደገው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እርስ በርስ በሚተዋወቁ ተጫዋቾች መካከል ነው። ጥያቄ ሲነሳ ጸሐፊው እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ይመልስ ስለነበር ያልተጻፈው ብዙ ነው። አበላሺው ይህን ክፍተት ክፍተት ነው ብሎ አያልፈውም፤ ምሥጢር ነው ብሎ አንድምታ ይዘረጋለታል። ለምሳሌ በመጽሐፉ መሠረት አንድ ምስል የ20 ሰዎች ምትክ ነው፤ አንድ ኢንች 10 ያርድ ነው፤ አንድ ዙር አንድ ደቂቃ ነው። አባሪው ላይ ሲደረስ «ጀግና» የተባለው ተዋጊ የአራት ምስል የመዋጋት ችሎታ እንዳለው ተጽፏል። እንግዲህ አንድም ጀግናው የአራት ሰው ጉልበት አለው፤ አንድም አራቱ ምስሎች 80 ሰዎች ናቸውና የሰማንያ ሰው ጉልበት አለው፤ አንድም ጀግናው ራሱ ምስል እንደ መሆኑ ከኋላው 19 የማይታዩ አጃቢዎች ይከተሉታል። ሦስቱንም ትርጓሜ የሚደግፍ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አይጠፋም። ጥሩ አበላሺ አንደኛው እንዳያሸንፍ ተጠንቅቆ ሁሉንም እያራገበ ያመሻል።

ለማበላሸት ከሁሉ የሚመቸው ግን ስለዚሁ ጀግና አሟሟት የተደነገገው ነው። ተራ ወታደሮች ሲከብቡት ጀግናው የሚወድቀው በአንድ ዙር ውስጥ አራት ገዳይ ምት አንድ ላይ ካረፈበት ብቻ ነው። ሦስት ቢያርፍበት ምንም አልነካውም፤ በሚቀጥለው ዙር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የእርሱ ዓይነት ቀላል ትጥቅ ያላቸው 10 እግረኞች ቢከቡት እያንዳንዳቸው አንድ ዳይስ ይጥላሉ፤ የሚገድለው 6 ብቻ ነው። ከ10 ዳይስ በአማካይ የሚወጣው 6 ሁለት እንኳ አይሞላም፤ አራትና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ ሰባት ገደማ ነው። እናም ጀግናው ዙር ከዙር ቆሞ ይታያል። አሥሩ ዳይስ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫል፤ አንድ 6 ይቀመጣል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጉብታው ሥር ቆሞ ይገኛል፤ የመጨረሻው ዳይስ በማዕዘኑ እየተሽከረከረ ሳለ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ብድግ ይላል። 2 ይወጣል። ጀግናው አንድ ፀጉሩ እንኳ አልተነካም፤ ሁሉም እንደ ገና ይቀመጣል። ደንቡን የጻፈው ሰው ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ወግም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ እርሳስና በአንድ ቁራጭ ወረቀት ማጥፋት ይቻላል። አበላሺው አንድ 6 በወጣ ቁጥር በጀግናው ስም አንድ ጭረት ይመዘግባል፤ አራት ጭረት ሲሞላ ያነሳዋል። በዚህ ስሌት ያው ጀግና በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይሞታል፤ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ለጀግና ጉዳት ማጠራቀም የመጣው በኋለኛው ጨዋታ ነው፤ በ1974ቱ መጽሐፍ አራተኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ ማዕረጉ «ጀግና»፣ ስምንተኛ የደረሰውም «ልዕለ ጀግና» ሆኖ ቁስሉን እየቆጠረ ይኖራል። አባትን በልጁ ልክ የተሰፋ ኮት ማልበስ ነው።

ጠንቋዩም ከዚህ አያመልጥም። በቼይንሜይል ጠንቋይ የሚወረውረው የእሳት ኳስ የሚሠራው ጥፋት ልክ እንደ ትልቁ የድንጋይ መወርወሪያ ነው። በሌላ አነጋገር ጠንቋዩ ባርኔጣ ያደረገ መድፍ ነው፤ ጸሐፊዎቹ የከበባ መሣሪያ ሕግ በእጃቸው ስለነበር ጢም ቀጠሉለት። ይህ ለብዙ አንባቢ የሚያሳዝን ግኝት በመሆኑ አበላሺው የድግምት ዝርዝር፣ የአስማት ኃይል መለኪያና የጠንቋዩን የልጅነት ታሪክ ጨምሮ አሥራ ሁለት ገጽ ያዘጋጅለታል።

ስለ ውጊያ ሰንጠረዦቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መጽሐፉ ሦስት የውጊያ ስልት አለው፤ አንዱ ለሠራዊት ነው፣ አንዱ መሣሪያ ከጥሩር ጋር እየተነጻጸረ አንድ ለአንድ ለሚዋጉ ነው፣ ሦስተኛው ጀግኖችና ጭራቆች ሲገናኙ ነው። ሦስቱን በአንድ ጦርነት፣ በተቻለ መጠንም ለአንድ ምስል በአንድ ዙር ማዋል በቂ ነው። ሦስቱም የሚፈልጉት ባለ ስድስት ፊቱን ዳይስ ብቻ ስለሆነ ባለ ሃያ ፊቱን የሚያብረቀርቅ ዳይስ በከረጢት ሙሉ ይዞ መምጣትና ለምን እንደማያገለግል በየዙሩ መጠየቅም ይመከራል።

እንቅስቃሴን በተመለከተ መጽሐፉ ሁለት አማራጭ ይሰጣል። ወይ ዳይስ ጥሎ ያሸነፈው ቀድሞ ወይም ተከትሎ ማንቀሳቀስን ይመርጣል፤ ወይ ሁለቱም ወገኖች ትእዛዛቸውን በድብቅ ጽፈው እኩል ያንቀሳቅሳሉ። ተራ ጥበቃ የሌለው ጨዋታ ሲባል እንግዳ የሚመስለው ሰው አለ። የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ግን አይደንቀውም፤ ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ እኩል ያዘምታሉና። አበላሺው የጽሑፍ ትእዛዙን ስልት ይመርጥና ትእዛዙን ወደ ሁለት ፍቺ ያዘነብለዋል። «ፈረሰኞቹ እንደ ሁኔታው ይንቀሳቀሳሉ» የሚለው እስካሁን አልተበለጠም።

ዋርሃመርን ለማበላሸት ጥረቱ ያንሳል። የ1983ቱ ሳጥን ሦስት መጻሕፍት ይዞ ነበር የወጣው፤ የተጻፈውም ያኔ ኒውአርክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የነበረው ሲታደል የተባለ የምስል አምራች ብዙ ምስል እንዲሸጥ ታስቦ ነው። ነጋዴ ያስጻፈው ሕግ ሆኖ ሳለ በቀልድና በወሬ የተሞላ፣ ከሁለቱ ተፋላሚዎች ሌላ ታሪኩን የሚያዘጋጅ ዳኛ እንዲኖር የሚወድ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚባረረው ዳኛው ነው። ቀጥሎ ሁለቱ ሠራዊቶች በነጥብ እኩል ይደረጋሉ፤ ኮረብታውም ወንዙም ለሁለቱ ወገን እኩል እንዲርቅ በሜትር ይለካል። ከዚያ በ1987 ከወጣው ጠንካራ ሽፋን ካለው ሦስተኛ እትምና ከዚያም በኋላ ከመጡት እትሞች የታወሰው ሁሉ ስሙ ሳይጠራ ይገባል። መጨረሻ ላይ ጨዋታው ዋርሃመር ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ፈጣሪ ያውቃል።

ወደ ምስሎቹ ሲኬድ ዋናው መሣሪያ ንጽሕና ወዳድነት ነው። አበላሺው ዘመኑን ያልጠበቀ ምስል ጠረጴዛው ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የ1970ዎቹ እርሳስ፣ የዚያው ዘመን ቀለም፣ ሌላው ወደ ውጭ። ታሪኩ ለዚህ አይመችም። ቼይንሜይል የሚናገረው ስለ 30 ሚሊ ሜትር ምስሎች ቢሆንም በ40 ሚሊ ሜትሮቹ የኤላስቶሊን ፕላስቲኮችም ይጫወቱበት ነበር። ዘንዶ ሲቸግር ጋይጋክስ የስቴጎሳውረስ አሻንጉሊት ቀይሮ ዘንዶ አድርጎታል። በኋላ በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ታዋቂ የሆኑት ብረት በሉ ጭራቅና ጉጉት መሳዩ ድብም የተወለዱት ሆንግ ኮንግ ከተሠሩ፣ የትኛው እንስሳ እንደሆኑ ከማይለዩ ርካሽ ፕላስቲኮች ነው። ይህን የሚያነሳ ሰው ቢገኝ ወሬውን ወደ ሆቢቶች ማዞር ያዋጣል። በ1970ዎቹ ውስጥ በቶልኪን ሥራዎች ባለመብቶች ተቃውሞ ምክንያት ስማቸው ወደ «ሃፍሊንግ» ተለውጧል፤ በየትኛው ስም ይጠሩ የሚለው ክርክር አንድ ሰዓት አያንስም።

አሮጌ ቀለም የተቀባ ምስል በተገኘ ጊዜ መልካም ነው ብሎ ማስቀመጥ አማተርነት ነው። የአርባ ዓመቱ ቀለም መልቀቅ አለበት። ብረቱ አሴቶን ይችላል፤ ስለዚህ ፕላስቲኩም ይችላል ተብሎ ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ይነከራል፤ ጠዋት ሲታይ ኤልፉም ፈረሱም በብርጭቆው ሥር አንድ ላይ ረግተው ይገኛሉ። የተረፈው እርሳስ ምሳ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ብናኙ እፍ ተብሎ ይበተናል፤ ብሩሹም ጫፉ እንዲሾል በምላስ ይረጥባል። ብዙ አምራቾች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከእርሳስ ወደ ሌላ ቅይጥ የተሸጋገሩት ይህን የመሰለው ባለሙያ እንዳለ ስላወቁ ሳይሆን አይቀርም።

የጨዋታው ምሽትም በዚሁ ሥርዓት ይካሄዳል። እንግዶች በአንድ ሰዓት ይጠራሉ። ጠረጴዛው ጠባብ ስለሚሆን ሁለቱ ሠራዊቶች ገና ሳይንቀሳቀሱ በቀስት ርቀት ውስጥ ናቸው። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል መጽሐፉ ከፕላስቲኩ ይውጣ አይውጣ የሚለው፣ እስከ አራት ሰዓት ደግሞ የጀግናው 19 አጃቢዎች ጉዳይ ይታያል። በአራት ሰዓት ተኩል አንድ እንግዳ አሥር ዳይስ ሰብስቦ ይጥላል፤ አራት 6 ይወጣል። ዳይሱ የተጣለው ትእዛዝ ሳይጻፍ ስለሆነ አይቆጠርም ይባላል። እንግዳው ኮቱን ይለብሳል።

የቀረው ማስቀመጥ ነው። ለአሮጌ የእርሳስ ምስል የሚመረጠው ከኦክ እንጨት የተሠራ፣ ውስጡ ያልተቀባ፣ በደንብ የሚገጥም መሳቢያ ነው፤ ክፍሉ እርጥበት ቢኖረው የተሻለ። ኦክ ከአቼቶ ጋር አንድ የሆነ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይተነፍሳል፤ አሲዱ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ተባብሮ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ነው፤ የጦሩ ዘንግ፣ የፈረሱ ቁርጭምጭሚት፣ የጠንቋዩ በትር። መሳቢያው ሳይከፈት ጥቂት ዓመታት ከቆየ ሠራዊቱ ማንም ዳይስ ሳይጥልበት ያልቃል፤ ጀግናውም ጭምር፣ አራት 6 ሳያስፈልገው።