ጭዱስ ምን በደለ?

ቢሾፍቱ ገበያ፣ ጭድ ተራ ላይ ያገኘሁት ጎረቤቴ ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ ላሙን ማማት ጀመረ።

«ምን ላም ናት! ጠዋት ጭድ፣ ማታ ጭድ፤ ወተቷ ግን ለድመት ቁርስ አይበቃም።»

«አንተስ ጠዋት ጭድ፣ ማታ ጭድ ቢሰጡህ ስንት ሊትር ትታለብ ነበር?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የላሟ ጎድን ከመንገድ ላይ ይቆጠራል።

«ሆዷ እኮ እንደ ከበሮ ነው!»

«ከበሮም ውስጡ ባዶ ነው።»

ላም ጭዱን ብቻዋን አትፈጨውም። በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ የሚያብላሉላት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉ፤ እነሱ እንዲሠሩ ከመኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን መሆን አለበት። የስንዴ ጭድ ያለው ቢበዛ 4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጭዱ ሳይብላላ ሆዷ ውስጥ ይከርማል፣ ቦታ ስለያዘም ሌላ አያስበላትም። ሆዷ ሞልቶ ጦሟን ታድራለች።

«ፋጉሎና ፉርሽካ በምን ገንዘቤ ልግዛ?»

«የባቄላ ገለባህንስ በምን አንጀትህ ለምድጃ ሰጠኸው? ከስንዴው ጭድ በፕሮቲን እኮ ይሻላል። የጤፍ ጭድህስ የት ገባ?»

«ለጭቃ አቡኪዎች ሸጥኩት።»

«የሰው ግድግዳ አወፍረህ ላምህን አከሳህ!»

ዝም ሲል አዘንኩለትና ነገሩን ወደ መድኃኒቱ አዞርኩት። ዩሪያ አልኩት።

«ለማሳ የሚበተነውን? ላሜን ልትገድልብኝ ነው?»

«ያሟሟኸውን ባልዲ ክፍት ትተህ ከጠጣችው አዎ፣ ትሞታለች። እንደ ጨው ብታስልሳትም ትሞታለች። እኔ ለላሟ ስጣት አላልኩም፤ ለጭዱ ስጠው ነው ያልኩህ።»

ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ጉድጓዱን ፕላስቲክ ታለብሰዋለህ፤ ጭዱን በስሱ እያነጠፍክ በአበባ ማጠጫ ታርከፈክፍበታለህ፣ በእግርህ ትጠቀጥቃለህ፣ ሌላ ንብር ትጨምራለህ። ሲሞላ አየር እንዳይገባው ሸፍነህ አፈር ትጭንበታለህ። ዩሪያው ውስጥ ለውስጥ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው የጭዱን ደረቅ አሰር ያላላል፣ ከፊሉም እዚያው ቀርቶ ለተሕዋስያኑ ናይትሮጅን ይሆናቸዋል። 21 ቀን ይበቃዋል።

«ሦስት ሳምንት ማን ይጠብቃል?»

«እሷስ ስንት ዓመት ጠበቀችህ?»

«ዩሪያ ተወዷል።»

«ግማሽ ኩንታሉ 10 ኩንታል ጭድ ያክማል። በቀን 7 ኪሎ ለምትበላ ላም ከ4 ወር በላይ ነው። ቁጭ ብለህ አስላው፤ ከዚያ ውድ በለኝ።»

የእኔን ጉድጓድ የከፈትኩ ቀን ጠራሁት። ፕላስቲኩን ስገልጠው የአሞኒያው ሽታ ሁለታችንንም አስነባን። ገርጥቶ የገባው ጭድ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ጨብጠው ስለው በእጁ አፈሰው፣ አልወጋውም። ፕላስቲኩ የተቀደደበት ጥግ ሻግቶ ነበር፤ ያንን ለይቼ ጣልኩት። የቀረውን ሌሊቱን አናፍሼ፣ ጠዋት ካልታከመው ጋር ቀላቅዬ ለላሜ አቀረብኩላት። አሽትታ ፊቷን አዞረች።

«ይኸው፣ እሷም አላመነችህም!»

«አንተን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምኛለሁ፤ እሷን ሦስት ቀን ልለምናት።»

በአራተኛው ቀን ሲመጣ ገንዳውን እየላሰች አገኛት። እጁን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየና ከኪሱ ማዳበሪያ ከረጢት አወጣ።

«እስቲ ለአህያዬ ትንሽ ቋጥርልኝ።»

«አህያ አያመሰኳም፤ ይጎዳዋል። ፈረስም እንደዚያው፣ ከ6 ወር በታች ያለ ጥጃም ጨጓራው ገና አልጠናም። ለላምህ ከሆነ ግን ከረጢቱን መልሰው፤ ዶማው ያውልህ።»