ጣሪያ ሲቀነስ ዋጋ የሚጨምርበት ዘመን

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ዓይነት ሞኝነት አይቻለሁ፤ ብር ጨምሮ ጣሪያ ማስነሳትን ግን ከወንድሜ ልጅ ነው የሰማሁት። ጅግጅጋ ሠርቶ ለመኪና መግዣ ጥቂት ቋጥሯል፣ አላህ ይባርክለት። የጎደለውን ሚኒሶታ ያሉት የአክስቱ ልጆች እንሞላለን ብለውታል። እኛም ቀያችን ቱሊ ጉሌድ ቁጭ ብለን፣ እንግዲህ ማሽላችን ገበያ የሚደርስበት ተገኘ፣ ሌሊት ሰው ሲታመም የሰው በር ማንኳኳት ቀረልን ተባባልን። እሱ መጥቶ በስልኩ ያሳየኝ ግን ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ አናቱ ጨርቅ የሆነ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው ነገር ነው።

«አደር (አጎቴ ማለቱ ነው)፣ ማዝዳ ኤምኤክስ ፋይቭ ይባላል። በፈረንጅ 1989 ነው የወጣው፤ ከሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የሱን ያህል የተሸጠ ባለሁለት ወንበር ክፍት መኪና በዓለም የለም» አለኝ።

«ከሚሊዮኑ አንዱን እንኳ የካራማራን ተራራ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። መኪናው ካንተ የተሻለ አስቦ ይሆናል» አልኩት።

ክፍት መኪና ብርቅ መስሎታል። እኔ ፊያት ኤንትሬ ስነዳ ጋቢና የሚገባው ሹም፣ ነጋዴ ወይም እርጉዝ ሴት ነበር። ሌላው ጭነት ላይ ይወጣል። ጭነት ላይ የወጣ ሂሳቡ ይቀነስለታል፤ ጣሪያ የለውማ! ዝናብ ሲመጣ ሸራ ሥር ከፍየሎቹ ጋር ይገባል፣ ፀሐይ ሲወጣ ከፍየሎቹ ጋር ይወጣል። ከድሬዳዋ ተነስቶ ጅግጅጋ ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ እናቱ የምታውቀው በድምፁ ነው። ያንን አቧራ በቅናሽ የበላን ሰዎች ነን። ዛሬ ያንኑ አቧራ በጭማሪ ሊገዛው ነው፣ ያውም የአክስቱን ልጆች ገንዘብ ጨምሮበት።

ደግሞስ ፖርቶ መጋላውን የት ያስረዋል? የኛ አገር መኪና ሥራው ከላይ ነው። ፍራሹ፣ ጀሪካኑ፣ የጤፍ ኬሻው፣ የሙሽራዋ ዕቃ፣ በግድ ካስፈለገ ረዳቱም የሚሄደው ጣሪያ ላይ ነው። ውስጡ እኮ የሽማግሌዎች ነው! ይህንን ብነግረው «ዕቃ ለመጫን አይደለም የምገዛው» አለኝ። ታዲያ ለምን ነው? «ለመንዳት» አለ። ወላሂ፣ ሌላ ምክንያት ሳይኖር ለመንዳት ብቻ የሚነዳ ሰው በዘራችን ይህ የመጀመሪያው ነው።

እናቱ የት ልትቀመጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሁለተኛው ወንበር ላይ። አባቱስ? ዝም። እኔስ? ስልኩን ማየት ጀመረ።

ክፍት መኪና የንጉሥ ነገር ነው ይሉኛል። ነው እንጂ። ጃንሆይ መስከረም 1956 ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር በክፍት መኪና ሕዝቡን እጅ እየነሱ አለፉ፤ ፎቶው አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኬኔዲ ዳላስ ላይ በክፍት መኪና እንደተቀመጡ ተገደሉ። ጃንሆይን ደግሞ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው ቮልስዋገን ነው፤ ጣሪያ ነበረው፣ ግን በዚያን ቀን ለጣሪያው ማን ምስጋና ይሰጣል። ይህን ስነግረው «አደር፣ እኔን ማን ይገድለኛል?» አለ። እናትህ፣ ዋጋውን ስትሰማ።

ስለ ዋጋ ካነሳን፣ ልጁ «አሮጌ ስለሆነ ርካሽ ነው» ይላል። ርካሽ የሆነው ጃፓን ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እንደ ሞተሩና እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ጥሎበታል፤ አንድ ገዝተህ የበርካታ መኪና ዋጋ ለመንግሥት ማለት ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሹን እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ቪትዝ እንኳ ሚሊዮን ብር የዘለለው ለዚህ ነው፤ ቪትዝ! ድሮ እንቁላል እያልን የምንስቅበት።

«ሃርጌሳ ርካሽ አለ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አለ። ሰሌዳ የሌለው መኪና ግን ኬላ ላይ ተወርሶ ይቀራል፤ እዚያ ጓሮ ፀሐይ የሚሞቁትን ሄዶ ይቁጠር። ቢያልፍ እንኳ መሪው በቀኝ ነው። ሃርጌሳዎች መንገዱን በቀኝ ይዘው መሪውንም በቀኝ ይዘው ይነዳሉ፤ ሹፌሩ የሚያየው ቦዩን ነው። አይሱዙ ለመቅደም ሲፈልግ ጎኑ ያለውን «ወንድሜ፣ ከፊት የሚመጣ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሁለት ወንበሩን መኪና ለመንዳት እንግዲህ አስቀድሞ ማግባት ሊኖርበት ነው። ይህቺን ሐሳብ ለእናቱ ነግሬያት ስለ መኪናው ያላት አቋም ትንሽ ለስልሷል።

አንድ ነገር ደህና አጥንቷል፣ አልዋሽም። አሮጌ ክፍት መኪና የሚገዛ ሰው ከሞተሩ በፊት ጨርቁን ያያል አለኝ። ከወንበሩ ኋላ የዝናቡ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ከተደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ቀለሙ ሲያብረቀርቅ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የኋላ መስኮታቸው ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። ጎበዝ! ታዲያ ይህን የሚያውቅ ሰው ጂላል የምንለው በጋ ሙሉ አቧራ ወደሚነፍስበት አገር ያመጣዋል? አቧራው ቀዳዳውን ጠቅጥቆ ይጠብቃል፣ ጉ የምንለው የዝናብ ወቅት ሲገባ ውሃው የተዘጋጀ ገንዳ ያገኛል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደኛ ሲመጣ ደግሞ ሆዱን የመጀመሪያው ድንጋይ ያገኘዋል። ጨርቁን ስለሚቀምሱት ግመሎች አላነሳሁም፤ ለነሱ እንኳ አዲስ ምግብ ነው፣ ይደሰቱ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ሆኜ ሽምግልና አመጣሁ። ክፍት ካማረህ አሮጌ ሃይሉክስ ፒክአፕ ግዛ፣ እዚሁ አገር ሰሌዳ ያለው፤ መለዋወጫው ጅግጅጋ ሞልቷል፣ ባሌስትራው ቢሰበር ማንም ይበይደዋል፣ ከኋላ ያለው እንደሆነ ከሰማይ በቀር ምንም የለበትም። እኔም ከድርሻዬ ሁለት ግመል እሸጥልሃለሁ አልኩት።

አሰበ። «ግን አደር፣ ሹፌሩ እኮ ጣሪያ ሥር ነው የሚቀመጠው» አለኝ።

አንተ ጋቢና ግባ፣ እናትህም ትግባ፤ እኔ ኋላ ጭነቱ ላይ እወጣለሁ። ግመሎቹን የሸጥኩ ቢሆንም ሂሳብ እከፍልሃለሁ፤ የጭነት ላይ ሂሳብ ግን ከጋቢናው እንደሚያንስ ከአሁኑ ይታወቅ።