«ላብራቶሪ ያስተካክለዋል»

ፊልም ለመሥራት ሙያ ያስፈልጋል የሚሉ ምቀኞችን አፍ ለማዘጋት የሃሮልድ ዋረን ስም ብቻ ይበቃል። ሰውየው በቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ከተማ የኢንሹራንስና የማዳበሪያ ሻጭ ነበር። ከሆሊዉዱ የስክሪፕት ጸሐፊ ከስተርሊንግ ሲሊፋንት ጋር አንድ ቡና ቤት ተገናኘና «አስፈሪ ፊልም መሥራት ምን ያስቸግራል? እኔም እሠራዋለሁ» ብሎ ተወራረደ። የታሪኩንም ንድፍ እዚያው ቡና ቤት ሶፍት ላይ ጫረው ይባላል። ሲሊፋንት ብዙም ሳይቆይ ኦስካር ወሰደ። ዋረን ግን እ.ኤ.አ. በ1966 «ማኖስ፦ ዘ ሃንድስ ኦፍ ፌት»ን ለዓለም አበረከተ።

ደራሲ፣ ዳይሬክተር፣ ፕሮዲውሰርና መሪ ተዋናይ ራሱ ዋረን ነው። (ይህን ሰልፍ ከአዲስ አበባ የፊልም ፖስተሮች የሚያውቁ አንባቢዎች አይገረሙም።) በጀቱ 19 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ተዋንያኑ ከከተማዋ ቲያትርና ከሞዴሎች ድርጅት የተሰባሰቡ ሲሆኑ፣ ደመወዛቸው ፊልሙ ከሚያተርፈው ላይ ድርሻ፣ ማለትም ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ክፍያ በእጃቸው ገባ የሚባሉት ብስክሌት የተሰጣት ትንሿ ተዋናይትና ጆንያ ምግብ የተላከለት ውሻ ናቸው። ውሻው በደንብ ተደራድሯል ማለት ነው።

የተከራየው ካሜራ እንደ ግድግዳ ሰዓት የሚጠመዘዝ፣ አንዴ ከተጠመዘዘም ከ32 ሰከንድ በላይ የማይቀርጽ ነበር። ድምፅ ጭራሽ አይቀዳም። ዋረን ግን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚበገር ሰው አልነበረም፤ ንግግሩን በኋላ ጥቂት ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው ለሁሉም ገጸ ባሕርያት ተናገሩላቸው። ያቺ ብስክሌት የተሸለመች ልጅ በምርቃቱ ምሽት ከራሷ አፍ የትልቅ ሰው ድምፅ ሲወጣ ብትሰማ አለቀሰች።

የሌሊቱ ቀረጻ ደግሞ ለብቻው ይመስገን። መብራት ሲበራ የአካባቢው የእሳት እራት በሙሉ ያለ ክፍያ ተሰልፎ ትወናውን ተቀላቀለ። የፊልሙ ፖሊሶች ተኩስ ሰምተው ከመኪናቸው ይወርዳሉ፣ ጥቂት እርምጃ ይራመዳሉ፣ ይመለሳሉ። ምርመራው አለቀ፤ መብራቱ ከዚያ አያልፍምና። አንዷ ተዋናይት እግሯ ቢሰበር ከነፍቅረኛዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ፊልሙን በመሳሳም ጨረሰችው። የመክፈቻው ረጅም የመኪና ጉዞም የባለሙያዎች ስም እንዲጻፍበት የታሰበ ነበር። ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፤ መኪናዋ ግን አሁንም ትነዳለች። የቀረጻ ማስጀመሪያው ክላፐር ሳይቀር ሳይቆረጥ ቀርቶ በስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል።

ሠራተኞቹ ሲያጉረመርሙ የዋረን መልስ ላብራቶሪ ያስተካክለዋል የሚል ነበር ይባላል። የዚህች መልስ ዘመድ «ችግር የለም፣ ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» የምትባለው ናት፤ የትም አገር መኖሪያ ፈቃድ አላት።

ሁሉንም በድህነት ለማሳበብ የሚቸኩሉ አዛኞች ይኖራሉ። እነሱን የሚያሳፍራቸው ሌላው የቴክሳስ ሰው ሮበርት ሮድሪጌዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የታየውን «ኤል ማሪያቺ»ን የቀረጸው በ7 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው ሰውነቱን ለመድኃኒት ሙከራ አከራይቶ ነበር። እሱም ቢሆን ሲቀርጽ ድምፅ አይቀዳም። ግን ቀረጻው እንዳለቀ ተዋንያኑን እዚያው ንግግራቸውን አስደግሞ በቴፕ ይቀዳል፤ ከንፈርና ድምፅ ሲጣሉበት ምስሉን ቆርጦ ወደ ሌላ ይሻገራል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እንዲህ ያለ ልፋት ግን ለዋረን ዓይነቱ የተፈጥሮ ሊቅ የሚመጥን አይደለም።

የማኖስ ምርቃት በኤል ፓሶ ካፕሪ ቲያትር በድምቀት ተከናወነ። የኪራዩ ሊሙዚን አንድ ብቻ ስለነበረ ተዋንያኑን አራግፎ፣ ዞሮ ሌሎቹን ያመጣ ነበር። ተመልካቹ ሊፈራ መጥቶ ሲስቅ አመሸ።

ከዚያ ሁሉ በኋላም ፊልሙ እንቢ አልሞትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በመጥፎ ፊልሞች የሚቀልድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አቀረበውና ዝነኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ አንድ የፊልም ወዳጅ ዋናውን ቅጂ አግኝቶ፣ ለማደሻ ከሕዝብ ከ48 ሺህ ዶላር በላይ አሰባሰበ፤ ዋረን ፊልሙን ከሠራበት ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ምስጋና ለዚህ መዋጮ፣ ዛሬ የእሳት እራቶቹ ክንፋቸው ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።