«ውይ እናቴን»፦ 10 ብር

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ………… ካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት
ለርዕሰ መምህርት ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለአንደኛው ተርም የአማርኛ ቅጣት ደረሰኝ እንዲቆረጥልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ሲስተር፣

የትምህርት ቤቱን ስም በነጠብጣብ ያለፍኩት ጠፍቶኝ አይደለም። ልጄ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ስድስተኛን እስክትጨርስ አምስት ዓመት ሙሉ እጅዎ ላይ ናት። ልጁን መያዣ የሰጠ ሰው ነጠብጣብ ቢያበዛ አይፈረድበትም።

ባለፈው ማክሰኞ በትልቁ እረፍት ልጄ ስትሯሯጥ፣ ከእመቤታችን ሐውልት ፊት ለፊት ባለው የአበባ መደብ ጠርዝ ተደናቅፋ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ጥፋቷን አልሸፋፍንም፤ ጮክ ብላ «ውይ እናቴን!» አለች። የአማርኛ ቅጣቱ ታሪፍ በቃል 5 ብር ነው፤ ቃሉ ሁለት ነው፤ 10 ብር። ማታ ኮሙኒኬሽን ቡኳን ስከፍት «አማርኛ ተናግራለች» የሚል በቀይ እስክርብቶ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ አገኘሁ። ጉልበቷን ማን እንዳጠበላት አልተጻፈም። ካልሲዋ ላይ የደረቀውን ደም ያስለቀቅነው እኛ ነን፤ ለሳሙናው ሒሳብ አልጠይቅም።

10 ብሩን በማግስቱ ከፍያለሁ። ግን ይግባኝ አለኝ። «ውይ» ቃለ አጋኖ ነው፤ የአማርኛ መምህርቷን መጠየቅ ይቻላል፤ በክፍለ ጊዜዋ ውስጥ ከሆነ። እጁን ምጣድ የፈጀው ሰው ሳያስብ የሚያወጣው ድምፅ በታሪፍ ከተያዘ፣ ማስነጠስም ነገ ተራው ሊደርሰው ነው። ስለዚህ 5 ብሩ ይመለስልኝ። «እናቴን» ላይ አልከራከርም፤ እሱ በእርግጥ አማርኛ ነው። ሆኖም ልጄ የወደቀችው በማን ሐውልት ፊት እንደሆነ ሲታሰብ፣ የተጣራችው የትኛዋን እናት እንደሆነ ተጣርቶ ቢወሰን መልካም ነበር።

ለፍትሕ ያህል የቁጥጥሩን ጥንካሬ መመስከር አለብኝ። በየክፍሉ አንድ የቋንቋ ተቆጣጣሪ ተመድቧል፤ በልጄ ክፍል የተመደበችው ደግሞ ሁለት የፊት ጥርስ የሌላት የሰባት ዓመት ሹም ናት። በዚያው ሳምንት ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ሰምታ «ማነው ያወራው?» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ትንሽ አሰበችና ደብተሯን ገልጣ የራሷን ስም ጻፈች፤ ሁለት ቃል፣ 10 ብር። በዚህ ከተማ ስንት ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሹም አላጋጠመኝም። ይቺን ልጅ ወደፊት ኦዲተር አድርጉልን።

ደግሞ አማርኛ ጨርሶ አልተከለከለም። የቀን ድርሻ አለው፤ 40 ደቂቃ። በዚያች 40 ደቂቃ ልጆቹ ተረትም ይተርታሉ፣ «አበበ በሶ በላ»ም ይላሉ፣ ይሞገሳሉም። ደወሉ ሲደወል ያው በሶ ኮንትሮባንድ ይሆናል። ከቢራና ከሲጋራ ጋር ቅጣት መሰል ታክስ የተጣለበት ቋንቋ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ልዩነቱ ቢራ ጠጪው ደረሰኝ ይቆረጥለታል። የእኛ 10 ብር የገባችው በመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ባለ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው፤ ልጄ ድምፁን ስታስመስል «ቅጭል» ትላለች። ለድሆች ከሆነ እሰየው፤ ለሌላም ከሆነ እሰየው። ደረሰኝ ግን ደረሰኝ ነው።

እዚህ ግቢ እንዴት እንደገባን ላስታውስዎ፤ ውለታ ሳልጠቅስ ብወቅስ ነውር ነው። ያንን የነሐሴ ሌሊት በርዎ ላይ ላስቲክ ለብሰን አደርን። ከፊቴ አንድ ዲያቆን፣ ከኋላዬ አንድ ሐጂ፣ ከሐጂው ኋላ በጆሮ ማዳመጫ የጴንጤ መዝሙር የምትሰማ ሴት ነበረች። ሁላችንም በየእምነታችን ስንጸልይ አደርን፤ ጸሎታችን ግን አንድ ነበር፤ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ይድረሰን። በሰልፉ ውስጥ አንድ እንኳ ካቶሊክ ፈልጌ አጣሁ። በአገሪቱ ከመቶ አንድ የማይሞሉ ሰዎች በአንድ ሰልፍ ላይ ባይገኙ አይገርምም። ከመቶ አንድ የማይሞሉት የሠሩት ትምህርት ቤት የመቶውንም ልጅ ተቀብሎ ማስተማሩ ግን፣ ሽሙጤን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀምጠውና፣ ባለውለታችን ያደርጋችኋል። ሊነጋጋ ሲል ጥበቃው ወጣና «ዘንድሮ በዕጣ ነው፤ ወደየቤታችሁ!» አለን። በአማርኛ። ማንም አልቀጣውም።

ነገሩን ያስተዋልኩት ያኔ ሳይሆን በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። ስለ ራእያችሁ፣ ስለ ተልእኮአችሁና ስለ እሴቶቻችሁ የተናገራችሁት አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኛም አጠገባችን ያለው ሲያጨበጭብ እያየን አጨበጨብን። ከዚያ የክፍያ ጭማሪው ሲደርስ የፋይናንስ ኃላፊው ተነሣ። ሲስተር፣ እንዲህ ያለ አማርኛ ከሬዲዮ ድራማ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም! ግሱ ሳይዛነፍ፣ ወሩና ቀኑ ሳይሳከር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተነብቦ። እዚያ ላይ አንድም ወላጅ «ምን አሉ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲገባን የተፈለገው ነገር በምን ቋንቋ እንደሚነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም ማለት ነው።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ብሏል፤ እናንተም አክብራችኋል። እናቴ ግን ልጅቷን ያስገባን ዕለት ስጋት ገብቷት ነበር። «ካቶሊክ እንዳያደርጓት» እያለች ማተቧን ደጋግማ ታጠብቅላት ነበር። ማተቡ ዛሬም አንገቷ ላይ አለ። ባለፈው እሑድ እናቴ ሽሮ አቅርባ «ብዪ እንጂ የኔ እመቤት» ስትላት፣ ልጄ «እማማ፣ አይሰማኝም እንደ መብላት» አለቻት። እናቴ ደንግጣ «ምነው፣ ጆሮሽን አሞሻል እንዴ?» ብላ ዘይት ልታሞቅ ተነሣች። እኔና ባለቤቴ ሳቅን። ማታ ስንተኛ ግን አልሳቅንም። ሃይማኖቷን ማንም አልነካባትም፤ አያቷን ግን በየተርሙ እየቀነሳችሁባት ነው።

አሁን ወደ ቤታችሁ ታሪክ ልግባ። ለእናንተ ታሪክ መንገር ለወንዝ ውኃ እንደ መሸጥ ነው፤ ቢሆንም የሚከተሉትን ከግቢው አጥር ላይ ካሉት ጥቅሶች መካከል ስላጣኋቸው ነው። ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የተመታው አዲስ አበባ አይደለም፤ ሮም ነው፤ በ1513 እ.ኤ.አ.። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እዚያ ካሉ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በጳጳሱ ከተማ ክብር ያገኘ ፊደል፣ የጳጳሱን ቤተ ክርስቲያን ስም በያዘ ግቢ ውስጥ ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ብቻ ከመሳቢያ ይወጣል።

ከመሥራቾቻችሁ አንዱ ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ በ1839 እ.ኤ.አ. ከጣልያን መጥተው ዐድዋ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ቋንቋ መማር ነበር። አማርኛውንም፣ ትግርኛውንም፣ ግዕዙንም ያዙ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ካልሰማ አይሰማም ብለው ይመስለኛል። በ1975 እ.ኤ.አ. ቅድስና ታወጀላቸው። ዛሬ በዚያ አማርኛቸው ግቢያችሁ ቢገቡ፣ በትልቁ እረፍት ብቻ ስንት ብር ጣሳው ውስጥ ይጥሉ ነበር? ጳጳስ ስለሆኑ ቅናሽ ይደረግላቸው ይሆን?

የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ተብለው በ1950 እ.ኤ.አ. የተሰየሙት ዣን ባቲስት ዴ ላ ሳልም አሉ። በእሳቸው ዘመን የፈረንሳይ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። እሳቸው ግን ልጅ የሚያውቀውን ቋንቋ ቢያነብ ይቀለዋል፣ ይጠቅመዋልም ብለው በፈረንሳይኛ አስጀመሩ። ተከራከሯቸው፤ አልተበገሩም። በዚያ ላይ ትምህርታቸው በነጻ ነበር። ይህን የመጨረሻውን የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው፤ የማይሆን ተስፋ አላደረግሁም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ከ1962 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. በተደረገው የቫቲካን ጉባኤ ቅዳሴው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሊሆን ይችላል ብላ ለላቲን ብቸኛ መብቱን ቀነሰችበት። ያው ጉባኤ የልጅ ቀዳሚና ዋና አስተማሪ ወላጁ ነው ሲልም ደንግጓል። ይህን ለጥበቃችሁ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል፤ ቀዳሚውና ዋናው አስተማሪ ዘወትር ከብረት በሩ ውጪ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው። የ1986 ዓ.ም. የአገራችን የትምህርት ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ እንዳለ ያውቃሉ፤ እሱን እንኳ ተዉት፣ ፖሊሲ አንባቢ አገር አይደለንም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛ ነን ያመጣነው። በዚያ የዝናብ ሌሊት ያደርነው ለግብረ ገብ ትምህርቱ ነበር ብል እዋሻለሁ። ሐጂውም፣ ዲያቆኑም፣ እኔም የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ልጃችን እንግሊዝኛ ታውራ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው፣ ኢንተርቪው፣ ቪዛው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ፈርተናል። እናንተ ፍርሃታችንን አይታችሁ ታሪፍ አወጣችሁለት። ልጄ ሱቅ ገብታ በእንግሊዝኛ ማስቲካ ስትጠይቅ ደረቴ እንደሚነፋ አልደብቅም። ባለሱቁ ባይገባውም እንኳ!

ግን እንግሊዝኛን ማስተማርና አማርኛን ማስፈራት ለየቅል ናቸው። እንግሊዝኛውን አጥብቃችሁ አስተምሩልን፤ ጎበዝ መምህር ቅጠሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከቁልፍ አውጡት፤ ለዚህ ብትጨምሩብን እየተነጫነጭንም ቢሆን እንከፍላለን። ልጆቹ ግን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተሰባስበው፣ አንዱ ዘብ ቆሞላቸው፣ እንደ ወንጀለኛ እየተንሾካሾኩ በአማርኛ ጨዋታ እንደሚጨዋወቱ ከልጄ ሰምቻለሁ። የቤታችሁ ሰማዕት የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. በእምነታቸው ምክንያት ታስረው በሰንሰለት ሲሞቱ፣ ከዘመናት በኋላ በእናንተ ግቢ የሚሰደደው «ኩኩሉ» ይሆናል ብለው አይጠብቁም ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ጣሳው ከጠረጴዛው ላይ ይነሣ። እሱ ባይቻል፣ የወደቀ፣ የተላጠ፣ ጥርሱ የተነቀለና እናቱን የናፈቀ ልጅ ከታሪፉ ነጻ ይሁን። እሱም ባይቻል፣ ቀይ እስክርብቶው ከአማርኛው በፊት ጉልበቷን ይመዝግብልኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሁለተኛ ክፍል ተማሪ አባት

ግልባጭ፦
ለእመቤታችን ሐውልት (ከአበባ መደቡ አጠገብ)፤ አስተርጓሚ እንደማትፈልግ ስለማምን
ለአማርኛ መምህርት፤ በ40 ደቂቃዋ ውስጥ ብቻ እንድታነበው
ለእናቴ፤ ጆሮዋ ደህና መሆኑን እንድታውቅ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ የተጻፈ ነው። በቃል 5 ብር ስንት እንደሚሆን ተቆጣጣሪዋ ትቁጠረው፤ እሷን አምናታለሁ። ሒሳቡን ከሁለተኛው ተርም ክፍያ ጋር ገቢ አደርጋለሁ። ደረሰኙ ግን በአማርኛ ይሁንልኝ።