ልጄን የከተባችሁልኝ፣ እኔን ያወጃችሁኝ

ለተከበረው የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ለዚህ ደብዳቤ ግልባጭ አላደረግሁለትም። ዝርዝሩን በዕለቱ ወረፋ የያዙት ሁሉ በጆሯቸው ስለሰሙት ወረቀት ማባከን አልፈለግሁም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ልጄ ዘጠኝ ወር ስለሞላው የኩፍኝ ክትባቱን ላስከትበው መጣሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ክትባት እወዳለሁ። ካርዱ ላይ ሻይ ፈሶበት ስለነበር ሲስተር ትልቁን መዝገብ ማገላበጥ ነበረባት። መዝገቡማ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሠርግ አልበም ተዘርግቷል። ተራዬ እስኪደርስ ከእኔ በፊት የመጡትን እናቶች ስም፣ ሰፈርና ስልክ አነበብኩ። ጎረቤቴ የልጇ ክትባት እንዳለፋት ያወቅሁት ከእናንተ መዝገብ ነው። አልዋሽም፣ አንብቤያለሁ። እኔም እንደምነበብ ግን አላሰብኩም።

«ማሚ፣ ተሳስተሻል» አለች ሲስተር። «የልጁ አባት ስም ያልሽው የራስሽን አባት ስም ነው።»

«አልተሳሳትኩም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ታዲያ ወንድምሽ ነው ወይስ ልጅሽ?»

ወረፋው ሳቀ። ልጄም ሰው ሲስቅ አይቶ ሳቀ። በአያቱ ስም እንደሚጠራ በሹክሹክታ ነገርኳት። «አይሰማም፤ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ!» አለችኝ። ከፍ አደረግሁ።

«የአባቱ ስልክስ?»

«የለም።»

«ስልክ የለውም ወይስ አባት የለውም?»

ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት «ተይ እንጂ ልጄ!» አሏት። ከኋላዬ የቆመችው ደግሞ «ውጭ አገር ነው በያት» ብላ ልትረዳኝ ሞከረች። ሲስተር ግን ባዶ ቦታ አትወድም። ቀይ እስክሪብቶ ፈልጋ «አባት የለም» ብላ ጻፈች። ከዚያም ማስመሪያ አምጥታ ከሥሩ አሰመረችበት። የአገራችን መንግሥታዊ ሥራ ጥራት ይጎድለዋል የሚሉ ሰዎች ያቺን መስመር ቢያዩ ያፍሩ ነበር።

«እዚህ ፈርሚ።»

«ምንድን ነው?»

«ፈቃደኛ መሆንሽ ነው።»

«ለምኑ?»

«ለሁሉም።»

ፈረምኩ። ልጄ ገና አልተከተበም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ስልኬን ከየት እንዳገኘ ስጠይቀው «ከክትባት መዝገቡ ላይ» አለኝ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት። ልጅ ለብቻ ማሳደግ እንደሚከብድ፣ እሱም ሆደ ቡቡ እንደሆነ አጫወተኝ። በማግስቱ ቢሮ ድረስ መጥቼ ባመለክት «ስልክ ቁጥር ምን ምስጢር አለው? እኛ የምንይዘው ክትባት ያቋረጡትን ለመፈለግ ነው» ተባልኩ። አመሰግናለሁ፤ ተፈልጌአለሁ።

እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአፍታ ያዙልኝ። ምን አገባችሁ? ልጄን ኩፍኝ እንዳይዘው አባቱ የት እንደገባ ወረፋው ማወቅ አለበት? መርፌው ክንድ እንጂ የአባት ስም አይፈልግም! የልጄን ክንድ ሰጠኋችሁ እንጂ ታሪኬን መች ሰጠኋችሁ? በማስመሪያ! በማስመሪያ አሰመራችሁብኝ እኮ!

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ሥራ ስለሚበዛባችሁ አንብቡት አልልም። የወረቀቱ መዝገብ ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒውተር እየገባ መሆኑንም እሰማለሁ፤ እግዚአብሔር ይርዳን። በየወሩ ወደ በላይ አካል የምትልኩት ሪፖርት ላይ የተከተቡት ሕፃናት ብዛት እንጂ የእናቶች ጉድ እንደማይጻፍም አውቃለሁ። ሚኒስቴሩ ያላወቀውን ጉዴን ጉልቱ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ማወቋ ነው የገረመኝ።

ልጄ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ደረሰ። በእናንተ በር አላለፍኩም። ሁለት ታክሲ ይዤ ሌላ ሰፈር ሄድኩ። እዚያ አባት ፈጠርኩለት፤ ስሙን የመረጥኩት ታክሲ ውስጥ ነው። የሰጠኋቸው ስልክም የማይሠራ ነው። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል ሞላችው። ባዶ ቦታ ስለሌለበት ሁሉም ደስ አላቸው። ምስጢር የማይቋጥር መዝገብ ውሸት ይሰበስባል፤ ይህን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ልመናዬ ትንሽ ነው። መዝገቡን ስትዘረጉ የሌላውን ሰው ስም በካርቶን ሸፍኑት። ባዶ የሆነውን ባዶ ተዉት። «ፈርሚ» ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደምንፈርም ንገሩን። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ማስመሪያ የገዛ መሥሪያ ቤት ካርቶን አያጣም።

ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስሜን ከእናንተ ዝርዝር ይዛ በሬን አንኳኳች። ልጄ ሁለቱንም የኩፍኝ ክትባት ወስዷል። እናንተ ዘንድ «ያቋረጠ» ተብሎ ተመዝግቧል።