አባባ፣ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?

ዘንድሮ የመጣብን ደግሞ አስተያየት መጠየቅ ነው። ድሮ ዋጋ ሲጨምር ጨመረ ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል፣ እኛም ቡና ላይ ተራግመን እናድራለን፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አሁን «የተገልጋዩ ሐሳብ ይካተት» የሚባል ነገር መጥቶ እርግማኑንም ቅጽ ላይ ሙሉ ተብለናል። ታሪፉ ሊሻሻል ታስቧል፣ መስመሩ ሊሸጋሸግ ታስቧል፣ ክፍያው በስልክ ሊሆን ታስቧል፤ እርስዎ ምን ይላሉ? ኮዬ ፈጬ እየኖረ የሚለው ያጣ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ!

በሰልፉ ልጀምር፤ ቅጹ ላይ እሱ የለምና። ገና ሳይነጋ፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከየብሎኩ ሰው ይፈላል። ከየረር በኩል የሚመጣውን ንፋስ ጋቢ አይመልሰውም። ክረምት ከሆነ መረሬው ጫማ ይነጥቃል፤ በጋ ከሆነ አቧራው ቁርስ ነው። ከፊቴ የቆመችው ወይዘሮ አንዲት ናት፤ ታክሲው ብቅ ሲል ግን «እነሱ እኮ እዚህ ነበሩ» የምትላቸው አራት ሰዎች ከየት እንደሆነ እንጃ ይበቅላሉ። ተራ አስከባሪ የተባለው ጎረምሳ ከሰልፉ ይልቅ ከሾፌሩ የሚቀበላትን ብር ነው የሚጠብቀው። እንዲህ ቆመን ቆመን አንድ ሚኒባስ ይመጣና፣ አጠገባችን ይቆማል ስንል፣ ሃምሳ ሜትር አልፎን ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም። ወጣቱ በመስኮት ይገባል፣ ቦርሳም በመስኮት ይወረወራል፣ እኔ በሩ ላይ «እረ በእግዚአብሔር» እያልኩ እቀራለሁ። ትልቁ አውቶብስም ያው ነው፤ አይመጣም አይመጣም፣ ከመጣ ሁለት ሆኖ ተከታትሎ ይመጣል፣ ሁለቱም ጢም ብለው።

እዚያ ድረስ ምን ወሰደህ የሚለኝ አለ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነዋ! በ1997 ተመዝግቤ፣ ስቆጥብ ኖሬ፣ ስሜ የወጣው የካቲት 27 ቀን 2011 ነው። በዚያች ቀን ከ51 ሺህ በላይ ቤት ዕጣ ወጣበት፤ ከዋናዎቹ ሳይቶች አንዱ ይኸው የእኛው ነበር። በመሬቱ ሰበብ በተነሳው ሙግት ቁልፍ እስክንይዝ ሌላ ዘመን ፈጀብን፤ እሱን ለታሪክ ጸሐፊ እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ፎቅ ሲደረድሩ፣ ወጥ ቤቱ የት ይሁን፣ ደረጃው በየት ይውጣ ብለው ሲለኩ፣ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሕዝብ ጠዋት በምን ይወጣል?» ብሎ እጁን ያወጣ አንድ መሐንዲስ አልነበረም?

እኔ የእሪ በከንቱ ልጅ ነኝ። እዚያ ሳለሁ ዳገቷን ወጣ ካልኩ ፒያሳ ነኝ። አሁን ሰውነቴ ኮዬ ይደር እንጂ እድሬ እዚያው ነው። ባለፈው የአብሮ አደጌ ቀብር ተነግሮኝ በሌሊት ወጣሁ። ስደርስ አስከሬኑ ወጥቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሏል፣ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየታደለ ነው። የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ፣ ሐዘን ላይ መሆናችንን እንኳ ሳያይ፣ «ጋሼ፣ ቀሪ ተብለዋል» አለኝ። የሦስት ታክሲ ሒሳብና የቀሪ ቅጣት ከፍዬ ተመለስኩ።

እናላችሁ አንድ ጠዋት ሰልፉ ላይ ሳለን ባጅ ያንጠለጠለ፣ ታብሌት ያቀፈ ቀጭን ልጅ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደተላከ ነገረኝ፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከመርዘሙ የተነሳ መሀሉ ላይ ጠፋሁ።

«አባባ፣ በትራንስፖርት አገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?»

«የቱ አገልግሎት?»

«የሚጠቀሙበት።»

«ልጄ፣ ስጠብቀው ነው እንጂ የምታየኝ፣ መች ተጠቀምኩበት!»

«እሱን መሙላት አይቻልም አባባ። ምርጫው በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ በመጠኑ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም ነው።»

«በጣም አልረካሁም የሚል የለም?»

«የለም።»

እዩልኝ እንግዲህ! ለመርካት ሦስት ፎቅ ሠርተውለታል፤ አለመርካት ግን አንድ ክፍል፣ እሱም ምድር ቤት። ልጁ ቀጠለ። የጉዞ ጊዜዎ በአማካይ ስንት ነው አለኝ። መቆሙም ይቆጠራል ወይ ብለው «ከተሳፈሩ በኋላ ያለው ብቻ ነው» አለ። ክፍያው በስልክ ቢሆን ይስማማሉ አለኝ፤ ባለ ቁልፉን ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት፣ አንገቱን ደፋ። የታሪፍ ማሻሻያ ቢደረግ እስከ ስንት በመቶ ጭማሪ ይቀበላሉ አለ፤ ምርጫው ከአስር ይጀምራል። ዜሮን ፈልጌ መነጽሬን ሁለቴ ጠረግኩ።

ዋናው ነገር ግን ሳይነሳ ቀረ፤ እሱም መቆራረጥ ነው። የታክሲ ታሪፍ የሚወጣው በርቀት ነው። መንገዱ ሲረዝም የአንዷ ኪሎ ሜትር ዋጋ ረከስ ትላለች፤ ውዱ አጭሩ መንገድ ነው። ይህችን ከማንም ቀድመው ያወቋት ባለታክሲዎች ናቸው። ስለዚህ ታፔላው ሳሪስ ይላል፣ ረዳቱ «ቃሊቲ ቶታል! ቃሊቲ ቶታል!» ይላል። ቶታል ላይ «መጨረሻ!» ብሎ ያራግፈናል። እኛ የደነዘዘ እግራችንን ገና ሳንዘረጋ፣ ያው ልጅ፣ በዚያው በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሳሪስ አቦ! ሁለት ሰው የሞላ!» ይላል። ያው መኪና፣ ያው ሾፌር፣ ያው እኔ፤ አዲሱ ሒሳቡ ብቻ ነው። ሳሪስ ደርሰን ደግሞ ለሜክሲኮ እንደገና። መንገዱን እንደ ሸንኮራ በአንጓ በአንጓው እየቆረጡ ይሸጡልኛል። ታዲያ ታሪፉ አስር በመቶ ጨመረ ሃያ፣ እኔን የጎዳኝ ቢላዋው ነው። ይህን ሁሉ እጄን እያወናጨፍኩ ስነግረው ልጁ በትሕትና ሰማኝና «ሌላ አስተያየት» የሚለው ሣጥን ውስጥ «ተገልጋዩ ቀጥታ መስመር ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ። ያን ሁሉ ንግግር በአራት ቃል ቀበረው።

ባቡር አለ አትበሉኝ። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በሁለት፣ በአራትና በስድስት ብር አንፈላስሶን ነበር፤ እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ነገር ግን ቃሊቲ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ኮዬ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ነው። ኋላም ከ41ዱ ባቡር ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ ሲባል፣ አንዳንዱ ጎረቤቴ አዘነ። እኔ ያልደረሰኝ ነገር ሲሰበር አላለቅስም።

ታሪፉን ማን ያስከብርልሃል የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮዬ ፈጬ ዛሬ የሸገር ከተማ የአንዱ ክፍለ ከተማ ስም ሆኗል፤ ሸገርም በ2015 ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ገላንን ጨምሮ አዲስ አበባን ዙሪያዋን ታቅፏታል። ታክሲው ከአንዱ ይነሳል፣ ሌላው ውስጥ ያራግፋል። የአዲስ አበባውን ታሪፍ ለረዳቱ ስጠቅስለት «ፋዘር፣ ታርጋችን እኮ ኦሮ ነው» ይለኛል። በማግስቱ አአ ታርጋ አግኝቼ ደረቴን ስነፋ «ፋዘር፣ ያ ከተማ ውስጥ ሲሆን ነው» ይላል። በአለም ገናና በአሸዋ ሜዳ በኩል የሚመላለሱ ወዳጆቼም የሚያወሩኝ ይህንኑ ነው። የታሪፍ ወረቀቱ እንደሆነ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል፤ ያልነጣው ላይ ደግሞ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፎበታል። ሥዕሉን አንሳ ብዬ ልከራከር? መልስህን ስትጠይቅ «ዝርዝር የለም» ነው፤ ዝርዝር የሚገኘው ከወረድክ በኋላ ነው።

ፍርድ እንዳላጓድል ግን፣ ባለታክሲውም ነዳጁን ከአቃቂ ወንዝ አይቀዳም። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ ሐምሌ 2014 ላይ፣ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ጎማውም ፍሬኑም በዶላር የሚመጣ ነው፤ የዶላርን ነገር ከሐምሌ 2016 ወዲህ አታንሱብኝ። ስለዚህ አትጨምሩ የምል ሰው አይደለሁም። ስትጨምሩ ሙሉውን መንገድ ሽጡልኝ፤ ታፔላው ሳሪስ ካለ ሳሪስ አድርሱኝ። ከቃሊቲ ቶታል ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ጥላ ዘርግቶ ቢቀመጥ ከመቶ ታብሌት ይበልጥብኛል።

የአሁኖቹ አስተያየት መስጠት በእነሱ የተጀመረ ይመስላቸዋል። 1966ን የት ጥለውት ነው? የአረብና የእስራኤል ጦርነት ነዳጁን በዓለም ዙሪያ አስወደደው፣ የጃንሆይ መንግሥትም ቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን ባለታክሲዎች መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራኑም ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ። ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት በመዘጋቱ ‘በጣም ረክቻለሁ’ ተብሎ ይመዝገብልኝ። አንበሳ አውቶብስ ምን እንዳደረገ እንጃ፣ ድንጋዩ የወረደው እሱ ላይ ነው። ጃንሆይ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ አደረጉ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ለቀቀ፤ በአዲሱ ዓመት መስከረም 2 ቀን ዙፋኑም ተከተለ። ድንጋዩ ይመለስ እያልኩ እንዳልሆነ የሚመለከተው አካል ይወቅልኝ፤ ትከሻዬም አይነሳ። ብቻ ያኔ የሰጠነው አስተያየት ከአራት ቃል በላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ያ የሐበሻ ሰፈር። ይህን ሁሉ በስልክ ባወራሁላት ሳቀችብኝ። እነሱ ከተማ ዳሽ የሚባለው አውቶብስ በእነሱ 2021 ላይ ነፃ ሆኗል አሉ፤ ማንም ዘው ብሎ ይገባል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ የአውቶብስ ድርጅትም ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ሕዝቡን ማዳመጥ በሕግ ግዴታው ነው አለችኝ። በቅናት ደሜ ፈላ።

«አንቺስ ሄደሽ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«እኔማ በመኪናዬ ነው የምሄደው፣ ጋሼ።»

ከልጁ ጋር በተሟገትኩበት ዕለት ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ለባለቤቴ አንድ በአንድ አወራሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታብሌት የያዘው ቀጭኑ ልጅ ነው?» አለች። ነው አልኳት። ለካ ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ሲዞር እኛም ጋ ደርሷል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ። ቡና አፍልታ፣ ቆሎ አቅርባ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቃ፣ ቅጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልታለታለች።

«ምን ብለሽ?»

«በጣም ረክቻለሁ ብዬ ነዋ። የሰው ልጅ እንዲያ ደክሞ መጥቶ አልረካሁም ይባላል? ደግሞ እኔ ከቤት መች ወጥቼ አውቃለሁ!»

«ጭማሪውንስ አልጠየቀሽም? እስከ ስንት በመቶ?»

«ጠይቆኛል። የመጨረሻውን አልኩት፤ ለእሱ የሚጨመርለት መስሎኝ።»